የዛጎርኒ አደባባይ

ኢንስፔክተር ሉድቪካ ቮይናር አራተኛ ፎቅ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው በሬሳው ላይ ሳይሆን በድስቱ ላይ ነበር። በፎጣ የተጠቀለለ የሾርባ ድስት በበሩ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ገና አልቀዘቀዘም። አጠገቡ የትራም ሾፌር የደንብ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተዘርፍጧል።

«ባልየው ነው» አላት ሳጅን ሄሮኒም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ከእሷ ጋር ለዘመናት አብሮ የሠራ ሰው ነው። «ቦጉሚው ሊሳክ ይባላል። የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ምሳ ሲያመጣላት ነው ያገኛት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ይላል።»

የሥራ ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ቫርኒሽና የቀለም ማቅጠኛ ተርፔንታይን ይሸታል። በትልቁ መስኮት በኩል፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ የክራኮው ከተማ አደባባይ ግንብ ጫፉ ይታያል። የኅዳር ጭጋግ ግማሹን ውጦታል። ዜኖቢያ ሊሳክ በብረት ምድጃው አጠገብ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት፣ የከተማውን አሮጌ ሥዕሎች ስታድስ የኖረች ሴት ናት። የምድጃው ጥግ ላይ ደም አለ። ወለሉም ላይ አለ። ጭንቅላቷ ስር ግን አንድ ሰው ትራስ አድርጎላታል፤ ያውም በጥንቃቄ፣ እንደ በሽተኛ።

ሉድቪካ ወደ ደጁ ተመልሳ ባልየው ፊት ቁጢጥ አለች።

«አቶ ቦጉሚው፣ ትራሱን እርስዎ ነዎት ያደረጉላት?»

«አይደለሁም።»

«ደንግጠው ረስተውት እንዳይሆን።»

«እጇን ስነካት በረዶ ሆና ነበር» አለ ቀና ሳይል። «በረዶ ለሆነ ሰው ትራስ ምን ያደርግለታል?»

ሄሮኒም ከውስጥ ተጣራ። «ሉድቪካ! እስቲ ነይ ይህን እዪ።»

በሥዕል ማቆሚያው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ቆሟል። አደባባዩ ነው። የከተማው ምክር ቤት ሕንፃ ፈርሶ ግንቡ ብቻውን ከቀረ በኋላ ባለው ዘመን የተሣለ፤ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ፣ የተሰበሰቡ የገበያ ድንኳኖች፣ እንፋሎት የሚተነፍሱ የጋሪ ፈረሶች፣ ከሁሉም በላይ ያ ብቸኛ ግንብ። ማንም ሌባ ቢሆን ይህን ትቶ አይሄድም። ይኸው ግን ቆሟል። የቀኙ ታችኛ ጥግ ላይ ብቻ ጣት የምታክል ቦታ ላይ ድፍርስ ያለ ቡናማ ቀለም ተለቅልቋል።

ሄሮኒም በጓንቱ ጫፍ ነካ አደረገው። «እርጥብ ነው። ሴትዮዋን ገድሎ ቁጭ ብሎ ሥዕል ሣለ እንበል? እኔ የማውቃቸው ነፍሰ ገዳዮች እንኳን ሥዕል ስማቸውንም በወጉ አይጽፉም።»

«ብሩሹስ?»

«እዚያ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከነቀለሙ።»

ቦጉሚው ከበሩ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። «ዜኖቢያ ብሩሽ ሳታጥብ አታስቀምጥም» አለ። «ቤት ቢቃጠል እንኳ አጥባ ነው የምትወጣው።» ከዚያ የተናገረው ነገር ገና አሁን የገባው ይመስል ፊቱን በሁለት መዳፎቹ ሸፈነ።

*

ከታች የሚኖሩት ወይዘሮ ፔላጊያ በሩን የከፈቱት ገና ሳይንኳኳ ነው።

«ግቢ ልጄ፣ ብርዱ ይገባል። ያንን ወፍራሙን ግን ውጭ ተዪው፣ ምንጣፌን ያቆሽሽብኛል።»

«ይህ ወፍራም የመንግሥት ንብረት ነው እትዬ» አለ ሄሮኒም፣ ቢሆንም ደጅ ቀረ።

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«የሰው እግር ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ በየደረጃው የሚያርፍ። ከዚያ ወሬ። ከዚያ ነገር ወደቀ፣ ድም! ዜኖቢያ ሁልጊዜ ነገር ትጥላለች፣ አልገረመኝም። ከዚያ በኋላ ነው እንጂ የገረመኝ።»

«ምን?»

«ወንድ ልጅ ሲያለቅስ።»

«ሲጮህ ነው ሲያለቅስ?»

«ልጄ፣ ሁለት ባል ቀብሬያለሁ። ጩኸትና ለቅሶ አይምታታብኝም። አለቀሰ። ረጅም ጊዜ።» አሮጊቷ ቀረብ አሉ። «የጮኸውማ ባለፈው ሳምንት የመጣው ነው። የሥዕሉ ባለቤት ነኝ የሚለው፣ ዓይኑ የቀላው። ‹የአያቴን ሥዕል መልሺ፣ አንቺ አውቀሽ ነው የምታዘገይው!› ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።»

*

ባለቤቱ ካዬታን ብዤስኪ ይባላል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የቸገረው ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋት ሥራ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ እንደነበር ማለ። ሄሮኒም ሄዶ ሲጠይቅ የመጋዘኑ አለቃ ሳቀ። ካዬታን ያን ቀን ጠዋት ድርሽ አላለም።

«እንግዲህ እንደገና እንጀምር» አለችው ሉድቪካ ጣቢያ አስጠርታ። «ከሴትየዋ ጋር ተጣልተሃል። የት ነበርክ ስትባል ዋሽተሃል። አሁን የት ነበርክ?»

«አልናገርም።»

«ሰው ሞቷል፣ ካዬታን።»

«እኔ አልገደልኳትም! ጮኼባታለሁ፣ አዎ። ሥዕሉን ለመሸጥ ቸኩዬ ነበር። ሴትየዋ ደግሞ ‹ሥሩ የሆነ ነገር አለ፣ ትንሽ ታገሠኝ› እያለች…» ድምፁ ወረደ። «የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበርኩ። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ቄሱን ጠይቂያቸው። አለቃዬ ከሰማ ያባርረኛል፤ ጠጥቼ እንደማላውቅ ነው የሚያስበው።»

ቄሱ ተጠየቁ። ካዬታን ገና በማለዳ መጥቶ ወንበር ደርድሮ፣ እስከ እኩለ ቀን ከሰዎቹ ጋር እንደቆየ መሰከሩ።

ከመሄዱ በፊት ሉድቪካ የሥዕሉን የድሮ ፎቶግራፍ ጠየቀችው። በማግሥቱ አመጣላት። አያቱ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከራሳቸው በላይ ሥዕሉ ተሰቅሏል፤ ጭስና ዘመን ያጠቆረው፣ ግንቡ ብቻ እንደ ጥላ የሚታይ። ፎቶውን ከመዝገቡ ጋር ከታ ረሳችው።

የአስከሬን መርማሪው ውጤት የመጣው በዚያው ቀን ነው። ሐኪሙ ስልክ ላይ ብዙ አልተናገረም።

«ተገፍትራ ወይም ተስባ ወድቃለች። ግን ወዲያው አልሞተችም።»

«ምን ያህል ቆየች?»

«አንድ ሰዓት ያህል ተንፍሳለች። ሰው ደውሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሆስፒታል ተኝታ ነርሶቹን ታስቸግር ነበር።»

ሉድቪካ ስልኩን ዘጋች። ትራስ ያደረገ ሰው። ያለቀሰ ሰው። ስልክ ያልደወለ ሰው።

«የሚወዳት ሰው ነው» አለ ሄሮኒም።

«ስለዚህ ባልየው ትላለህ።»

«እንዲሆን አልፈልግም። ግን ስንቱን አይተናል።»

ሄሮኒም ትራም ዴፖው ድረስ ሄደ። ተቆጣጣሪውን፣ ቲኬት መርማሪውን፣ በየፌርማታው የሚያውቁትን ሴቶች ጠየቀ። ቦጉሚው ከንጋት ጀምሮ ከሾፌር ወንበሩ አልተነሣም። ሳጅኑ ሲመለስ እንደ ቀለለው ያስታውቅ ነበር።

*

ፕሮፌሰር አምብሮዢ ኩሌሻን የማያውቅ የክራኮው ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሥዕል ታሪክ ለግማሽ ከተማው አስተምረዋል። ሉድቪካ እንኳ ልጅ ሆና እናቷ እሑድ እሑድ ወደ ሙዚየም ወስዳት፣ እኚህ ሰው በዱላቸው እያመለከቱ ሲያወሩ አፏን ከፍታ ሰምታቸዋለች። ስለ ሠዓሊው ስለ ሴቬሪን ዛጎርኒ የተጻፈው ትልቁ መጽሐፍ የእሳቸው ነው። የአደባባዩ ሥዕል ደግሞ የመጽሐፉ ልብ ነው፤ የዛጎርኒ ታላቅ ሥራ ያሉት እሱን ነው።

ሻይ በሎሚ ራሳቸው ቀዱላት። ግማሹን ሳህኑ ላይ አፈሰሱት።

«ይቅርታ ልጄ። ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዜኖቢያ ካስተማርኳቸው ሁሉ የበለጠች ነበረች።»

«መቼ ነው ያገኟት?»

«እንጃ… በጋው ላይ ይመስለኛል።»

«ሥዕሉንስ?»

«ከፀደይ ወዲህ አላየሁትም። ካዬታን ቤት እያለ ነው ያየሁት። እሷ በሞተችበት ቀን እኔ ታርኖቭ ከተማ ነበርኩ፣ እህቴ ዘንድ።»

ሉድቪካ በሥዕሉ ጥግ ላይ ምን ይኖር እንደነበር ጠየቀቻቸው። ፕሮፌሰሩ ትከሻቸውን ሰበቁ። የጥንት ጥገና ይሆናል፣ ቫርኒሽ ይሆናል፣ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል አሉ። ከዚያ ሳይጠየቁ ስለ ሥዕሉ ማውራት ጀመሩ። ሻያቸውን ረሱት። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ፈረሶቹ እንፋሎት አወሩ፣ ሰው ሁሉ ትቶት ስለሄደው ግንብ አወሩ።

«ሁሉም ሰው ግንቡን ነው የሚያየው» አሉ። «አንቺ ግን ዝቅ ብለሽ ልጅቷን እዪያት። ግንቡ ደጃፍ ላይ የቆመችውን፣ ክብ ዳቦ በእንጨት ሰክታ የምትሸጠውን። ብርዱን ለማስታገስ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ አድርጋለች። እንዲህ ያለ እግር ለመሣል ሰው ምን ያህል ብርድ ማወቅ አለበት!»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሉድቪካ እጃቸውን ይዛ ተሰናበተች። ደረጃውን ስትወርድ ልቧ አዝኖላቸው ነበር።

*

ሉድቪካ አስባበት አልነበረም። መዝገቡን እያስተካከለች ሳለ የካዬታን አያት ፎቶ ወለል ላይ ወደቀ። ስታነሣው ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አረፈ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ግንቡ አለ። የግንቡ ደጃፍ ግን ድፍን ጨለማ ነው። ልጅ የለችም።

ፖሊስ ያነሣውን አዲሱን ፎቶ አጠገቡ አደረገች። እዚህ ደጃፉ ጸድቷል፤ ልጅቷ ቆማለች፣ አንዱ እግሯ በሌላው ላይ።

«ሄሮኒም፣ ካፖርትህን አንሣ።»

ሥዕሉ የተቀመጠው ሙዚየሙ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የዜኖቢያ የሥራ ባልደረባ የነበረው ቴኦፊል ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ተመለከተ።

«ይህች ልጅ መቼ ነው የወጣችው?» አለችው ሉድቪካ።

«ዜኖቢያ በሞተችበት ጠዋት።»

«እንዴት አወቅህ?»

«በዋዜማው እሷ ዘንድ አምሽቼ ነበር፣ ሻይ አጠጥታኛለች። የግንቡ ደጃፍ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። ‹ነገ ደጃፉን አጽድቼ እከፍተዋለሁ› አለችኝ።» ቴኦፊል ፎቶዎቹን መለሰላት። «ልጅቷን ከእሷና ከገዳዩ በቀር ያየ ሰው የለም። ከእኛ በፊት ማለቴ ነው።»

«ንድፍ ወይም ሌላ ቅጂ ሊኖር አይችልም? ሰው እዚያ አይቷት ቢሆንስ?»

«ቢኖር ኖሮ ፕሮፌሰር ኩሌሻ መጽሐፋቸው ውስጥ ያወጡት ነበር። እሳቸው ስለ ልጅ አንድም ቃል አልጻፉም።»

ሄሮኒም ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ቡናማውን ቀለም ለማንሣት የዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ቴኦፊል በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልሎ ፈሳሽ ውስጥ ነከረና ጥጉን አሸት አሸት አደረገው። አዲሱ ቀለም እንደ ጭቃ ለቀቀ። ይህን ያህል በቀላሉ ይለቃል ብላ ሉድቪካ አልጠበቀችም።

ከሥሩ በቀጭን ቀይ ቀለም ስም ወጣ። የሴቬሪን ስም አልነበረም።

«ኤውፌሚያ ዛጎርና» ብሎ ቴኦፊል አነበበ፤ ዓመቱንም ጨመረ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እህቱ ናት፤ ዛጎርኒ በሴት ሲጠራ ዛጎርና ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ አላት። ‹ሳታገባ የኖረች፣ የወንድሟን ቤት ታስተዳድር የነበረች› ይላል።»

በዚያ መሃል ሄሮኒም ታርኖቭ ደውሎ ተመለሰ። የፕሮፌሰሩ እህት በደስታ ነበር ያነጋገረችው። አዎ፣ ወንድሟ ያን ቀን መጥቷል፤ ለራት። ምንም አልበላም፣ ምን እንደሆነ እንጃ አለች።

*

ፕሮፌሰሩ በሩን ሲከፍቱ ካፖርታቸውን ለብሰዋል።

«ሊወጡ ነበር?» አለች ሉድቪካ።

«አይ። ከትናንት ጀምሮ ይበርደኛል።»

ተቀመጡ። ሻይ አልቀረበም። ሉድቪካ የካዬታንን አያት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ፕሮፌሰር፣ ይህ ሥዕሉ ካዬታን ቤት ሳለ የተነሣ ነው። ልጅቷን ያሳዩኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ወደ ግንቡ ደጃፍ ሄዶ በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ መነጽሩን አውልቀው አጠፉት።

«ዝም ማለት ነበረብኝ» አሉ። «ግን ስለ እሷ ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ደረቴ የሚፈነዳ መሰለኝ።»

«እንዴት ነበር የሄዱት?»

«ሌሊት ተነሥታ ስትሠራ ቆይታ፣ ማልዳ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ፊቷ እንደ ሕፃን በርቶ ነበር። ‹ፕሮፌሰር፣ ከሁሉ በፊት እርስዎ ማየት አለብዎት› አለችኝ። ደስ ይለዋል ብላ ነው! ገባሽ? ደስ ይለዋል ብላ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «መጀመሪያ ልጅቷን አሳየችኝ። አለቀስኩ። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሥዕል እንዲህ ያለ ነገር ደብቆኝ ኖሯል ብዬ። ከዚያ ስሙን አሳየችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ለመንኳት። እስክሞት ድረስ ጠብቂኝ አልኳት፤ ብዙም አልቆይ፣ ልቤ ደካማ ነው። ‹ኤውፌሚያ ከበቂ በላይ ጠብቃለች› አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ በቀስታ ነው። ጥጡን ይዛ ወደ ሥዕሉ ዞረች። እጇን ያዝኩ። መነጨቀችኝ። እኔም ለቀቅኩ። የዚያን ጊዜ ነው የወደቀችው።»

ሄሮኒም መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠ።

«በሕይወት ነበረች» አለች ሉድቪካ።

«አዎ።»

«ያውቁ ነበር?»

«ትራስ አደረግኩላት። ስሟን ጠራሁ፤ ትተነፍሳለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።» ሽማግሌው እጃቸውን አዩ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «መጀመሪያ ስሙን ልሸፍን፣ ከዚያ እደውላለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ቀለሙ አልሸፍን አለ። ስጨርስ እንደገና ጠራኋት። አሁንም ትተነፍሳለች። ያኔ ነው ያሰብኩት።»

«ምን አሰቡ?»

«ብትነቃ ትናገራለች ብዬ።»

ሉድቪካ ፎቶውን ከጠረጴዛው አነሣች።

«ተቀምጬ ጠበቅሁ» አሉ። «እያለቀስኩ።»

ከሉድቪካ አፍ ከሥራዋ ጋር የማይሄድ አንድ ጥያቄ ወጣ።

«ትኩስ ቀለም በጥጥ እንደሚለቅ እርስዎ አያውቁም ነበር?»

«ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረው ነገር ነው።»

ሄሮኒም ከመስኮቱ ዞረ። «ይነሡ አባት» አለ፤ ድምፁ ሸካራ ነበር። «ደረጃው ጨለማ ነው፣ ክንዴን ይያዙ።»

*

ለቦጉሚው የመንገሩን ነገር ሄሮኒም «እኔ ልሂድ» ቢላትም ሉድቪካ እምቢ አለች። ቤቱ ስትደርስ ዘመዶች ሄደዋል። ሰውየው ወጥ ቤት ተቀምጦ ጫማ ይወለውላል። የእሱን አይደለም፣ የሚስቱን ነው። ለቀብሩ የምትለብሰውን ነበር የሚያዘጋጀው።

ሁሉንም ነገረችው፤ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ። ስለ ስሙ፣ ስለ እህትየዋ። ጫማውን ሳያስቀምጥ ሰማ። ፕሮፌሰሩን ያውቃቸዋል፤ ሠርጋቸው ላይ ጽዋ አንሥተው የመረቋቸው እሳቸው ነበሩ።

«ወዲያው ነው የሞተችው አይደል?» አለ በመጨረሻ።

ሉድቪካ እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። ግን ነገሩ በፍርድ ቤት መዝገብ ይነበባል፤ ከእንግዳ ሰው አፍ እንዲሰማው አልፈለገችም።

«አይደለም» አለች። «አንድ ሰዓት ያህል ቆይታለች። ነቅታ ግን አልነበረችም፣ ሐኪሙ እንዲህ ነው ያለው።»

ቦጉሚው ራሱን ነቀነቀ። ብሩሹን ጥቁሩ ቀለም ላይ ነከረ፣ ጫማው ላይ አሳረፈው፣ ግን አልወለወለም።

«በዚያ ሰዓት ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ» አለ።

«የት?»

«በመስኮቷ ስር። መስመሬ እኮ በዶሚኒካኖቹ ገዳም በኩል ነው። እዚያ ጋ ስደርስ ደወል እደውላለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ሁልጊዜ እደውላለሁ። ሥራ ላይ ካልሆነች መስኮቱ ላይ ትወጣለች፤ ከሆነች ደግሞ አትወጣም።» ቀና ብሎ አያት። «ሁለቴ ደወልኩ። አልወጣችም። ሥራ ይዛለች አልኩና ነዳሁት።»

ሉድቪካ ወንበሯን ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ጫማ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ ጨርቁንም ወሰደች፣ መወልወል ጀመረች። ቆይቶ እሱም ብሩሹን አንቀሳቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ የዴፖው አለቃ ቦጉሚውን አስጠርቶ ከወንዙ ማዶ ያለውን መስመር እንስጥህ አለው። ቦጉሚው አመስግኖ እምቢ አለ። በሚቀጥለው ሰኞ ንጋት ላይ የደንብ ልብሱን ለብሶ ትራሙን ከዴፖው አወጣ። በዶሚኒካኖቹ በኩል ሲደርስ ደወለ።